ልቡ ጥሬ የቀረ ቆዳ

በአንድ ወቅት፣ በጀርመኖች አገር፣ ከዓይን ይልቅ በአፍንጫ የምትገኝ አንዲት ከተማ ነበረች። መንገደኛ የቤተ ክርስቲያኗን ጉልላት ከማየቱ በፊት ሽታዋ ወጥቶ ይቀበለዋል። ሽታው የሚነሣው በወንዙ ዳር ካለው ከቆዳ አልፊው ከኦስቫልት ግቢ ነው። እዚያ የበሬ ቆዳ በኖራ ይዘፈዘፋል፣ ፀጉሩ ይመለጣል፣ የቀረበት ሥጋ ሁለት እጀታ ባለው ቢላ ይፋቃል፤ ከዚያም እንዲለሰልስ በውሃ በተበጠበጠ የውሻ እዳሪ ውስጥ ይነከራል። አዎ፣ የውሻ እዳሪ። ፊታችሁን አታጨማድዱ። ያው ቆዳ በመጨረሻ በዛፍ ቅርፊት በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ከአንድ ቀን ተቀብሮ ሲወጣ የዳኛ ጫማ ይሆናል፣ የጸሎት መጽሐፍ ሽፋን ይሆናል፣ የጳጳስ ጓንት ይሆናል። ጫማውን የሚያደርጉት ግን ኦስቫልትን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። እኛም ብንሆን "ፋቂ" ብለን የሰደብነው ሰው ያለፋውን ቁርበት አንጥፈን የተኛን ሕዝብ ነንና፣ በእነሱ ላይ አፋችንን ሞልተን ባንናገር ይሻለናል።

እዳሪውን ከየመንገዱ እየለቀመች በባልዲ የምታመጣ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ገርትሩድ ትባላለች። ጨዋታዬ የእሷ ነው። ሰው ሁሉ የሚጸየፋት ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ ማንን እንደምትጸየፍ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ኦስቫልት ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ሦስቱም ሽታውን መቻል አቅቷቸው በየተራ ጥለውት ሄዱ። "ሦስት ልጅ ያሳደግሁ መስሎኝ ሦስት አፍንጫ አሳደግሁ" ይል ነበር። ጊዜው ሰው ስለ ሥራ የሚያስበው ሁሉ ከሥሩ የተናጋበት ጊዜ ነው። አንዱ ሥራ ቅጣት ነው ይላል፣ ሌላው ሥራ የሰው ልጅ ክብር ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሥራ ከሰማይ የመጣ ጥሪ ነው ይላል። ሦስቱ ልጆች ሦስቱን ትምህርት ተካፈሉት። አባትየው ግን ከኖራው ጋር ቀረ።

የበኩሩ ሊንሃርት ተራራው ላይ ካለው ገዳም ገባ። እዚያ የተማረው በአዳም ጥፋት ምክንያት ሰው በላቡ እንዲበላ መፈረዱን፣ ከሥራ ሁሉ ጸሎት እንደሚበልጥ፣ ድሃም የገነት በር መሆኑን ነው። ገርትሩድ ያን ጊዜ ገና ለማኝ መሆኗ ነበር። ባሏ ድንጋይ የጫነ ጋሪ ተገልብጦበት ሞቷል፤ እሷም በፍታ ስታነጣ በመኖሯ የአመድ ውሃ ጣቶቿን በልቷቸዋል። በገዳሙ በር ተቀምጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበላችው ከሊንሃርት እጅ ነው። በየቀኑ ግማሽ ዳቦና አንድ ጭልፋ ሾርባ ይሰጣታል፤ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ደግሞ ከሌሎች ድሆች ጋር አስቀምጦ እግሯን ያጥባታል።

በረዶው እስከ ግንቦት ያልቀለጠበት አንድ ክፉ ዓመት መጣ። የገዳሙ አበምኔት እህሉ ለመነኮሳቱ ይቆይ ብሎ ጎተራውን ቆለፈ። በሩ ላይ ሰው እንደ ዝንብ መርገፍ ሲጀምር ሊንሃርት መጥረቢያ አነሣና የጎተራውን በር ፈለጠው። አርባ ነፍስ አበላ። ለዚህም በወንድሞቹ መነኮሳት ፊት ተገርፎ ሦስት ወር በውሃና በደረቅ ዳቦ ታሰረ። ገርትሩድ በዚያ ክረምት ያልሞተችው በእሱ ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ እሷም አትክድም።

ታዲያ በቀጣዩ ጸሎተ ሐሙስ፣ እግሯን እያጠባት ሳለ ጎንበስ ብላ ተናገረችው።

"አባ፣ የገዳሙን ልብስ ልጠብ። ጣቴ ቢጎድል ክንዴ ደህና ነው። ዳቦውን ሠርቼ ልብላው።"

ሊንሃርት በደግነት ፈገግ አለ። "እህቴ፣ አንቺ ድሃ ካልሆንሽ እኛ ለማን እንመጸውታለን? ተቀመጪ። ዋጋሽ በሰማይ ተቀምጦልሻል።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ገርትሩድ ፊቱን አየችው። ሲያጥባት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጨርሶ ሲነሣ ከእጅጌው ውስጥ መዓዛ ያለው ቅጠል ቋጠሮ አውጥቶ በረጅሙ አሸተተ። የዚያን ቀን ዳቦውን ሳትበላው አደረች። እኔንም ቢሆን ከኦስቫልት ጉድጓድ ይልቅ የሚያቅለሸልሸኝ ይህ ነው። ሰው ወደ ገነት የሚወጣበት መሰላል እንዳይጠፋበት ብሎ ሌላውን ሰው ከሥር እንደተቀመጠ እንዲቀር ሲመርቀው ማየት ያስጠላል።

ሁለተኛው ልጅ ፋይት ወደ ጣልያን ወረደ። በዚያ የጥንቶቹ የግሪክና የሮማ ሰዎች መጻሕፍት ከአቧራ ወጥተው ይነበቡ ነበርና፣ ሰው ትንሽ ፈጣሪ ነው፣ የሚያስብ እጅ ከዘውድ አያንስም ከሚሉ ሊቃውንት ጋር ስምንት ዓመት ኖረ። የሀብታም ቤት ግድግዳ የሚለብሰውን ዓይነት ቆዳ በወርቅ ቅብ መሣል ተማረ። በሥራው ጥግ ላይ ስሙን ይጽፋል። አባቱ ባለፋው ቆዳ ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም፤ የኦስቫልት ስም ሽታው ነበር።

ፋይት ሲመለስ ከተማዋን ተገልብጣ አገኛት። ምንኩስናን የሚነቅፉ አዲስ ሰባኪዎች ተነሥተው የከተማዋን ሸንጎ ስላሳመኑ ገዳሙ ተዘግቷል። ሊንሃርትና ጥቂት መነኮሳት ወንዙን ተሻግረው አንድ አሮጌ ቤት ተጠግተዋል። ልመና በአዋጅ ተከልክሏል። ትናንት የገነት በር የነበረው ድሃ ዛሬ ሰነፍ ተብሎ፣ የከተማዋ ተወላጅ ያልሆነ ለማኝ ሁሉ ተገርፎ እንዲባረር ታዟል። ገርትሩድ ደግሞ ትውልዷ ከተራራው ወዲያ ነው። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል።

ዘበኞች በገበያው መካከል እየጎተቱ ሲወስዷት ፋይት አየ። ሰው ሁሉ ቆሞ ይመለከታል። ፋይት ግን ሮጦ ከፊቷ ቆመ፤ ለእሷ የተሰነዘረው ዱላ ቀኝ እጁ ላይ አርፎ ሁለት ጣቶቹን ሰበራቸው። ሠዓሊ ነው፤ የሚሥልበት እጁ ነው። በዚያው በተሰበረ እጁ ክንዷን ይዞ ሸንጎ ፊት አቀረባት።

"ይህን እጅ እዩት። ይህን እጅ የበላው ሥራ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ያዘዛችሁኝን ሥዕል የምሥለው በዚህች ሴት ነው። እሷን ካባረራችሁ እኔም እሄዳለሁ።"

ሸንጎው ለአዳራሹ ትልቅ ሥዕል አዝዞት ስለነበር እሺ አለ፤ ገርትሩድም ከነዋሪዎቹ ጋር ተመዘገበች። ፋይት ሥራ ቤቱ አስቀምጦ ሲሥላት፣ "ስምሽ ማን ነው? ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ስታነጪ ምን ትዘፍኚ ነበር?" ብሎ ጠየቃት። ዐሥራ አንድ ዓመት ያበላት ሊንሃርት ስሟን ጠይቋት አያውቅም ነበር። ገርትሩድ አለቀሰች።

ሥዕሉ አልቆ ሲሰቀል ራሷን ልታይ ታጥባ፣ ፀጉሯን ሸፍና ሄደች። ወርቅ በተቀባ ቆዳ ላይ ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለዋል። አንዷ እሷ ናት፤ የተበሉት ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ተዘርግተዋል። ሌላዋ የከንቲባው ልጅ ናት፤ ባልዲ አንሥታ የማታውቅ ልጅ፣ በነጫጭ ጣቶቿ እንዝርት ይዛለች። ሰዉ ገርትሩድን ባየ ጊዜ መሣቅ ጀመረ። ማንበብ ስለማትችል አጠገቧ የቆመውን ጫማ ሰፊ ጠየቀችው።

"ከእኔ ሥር ምን ይላል?"

"ስንፍና ይላል" አላት።

"ከእሷስ?"

"ትጋት።"

ፋይት ዘንድ ሄዳ፣ "ልጄ፣ ለምን?" አለችው። እሱም ከልቡ ተገርሞ አያት። "ገርትሩድ፣ ፊትሽን አላየሽውም? እንዲህ ያለ ፊት በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው። ጽሑፉን ያዘዘው ሸንጎው ነው፤ ጽሑፍ ይረሳል፣ ሥዕሉ ግን ይኖራል።" የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። የከንቲባውን ቤት ስንፍና አንሥቶ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራች ሴት ላይ ለጠፈው፤ ከዚያም ከሥሩ ስሙን ጻፈበት። ገርትሩድ ስትወጣ የሸንጎው ደረጃ ላይ ምራቋን ተፋች።

ሦስተኛው ልጅ ኮንራት ሩቅ አልሄደም። ከአዲሱ ሰባኪ ዘንድ ተማረ። ሰባኪው መነኩሴና ቆዳ አልፊ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ናቸው፣ የሚናቅ ሥራ የለም ብሎ ያስተምራል፤ እጁን አጣምሮ የሚቀመጠውን ግን ይረግማል። ኮንራት ይህን ሰምቶ ወደ አባቱ ግቢ ተመለሰ። ከሦስቱ ወደዚያ ሽታ ተመልሶ የገባ እሱ ብቻ ነው፤ ይህም ይነገርለት። ሲሠራ አፍንጫውን አይዝም። በአፉ ነው የሚተነፍሰው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሥዕሉ ካለቀ ወዲህ የምትበላው አጥታ በምትንከራተተው ገርትሩድ ፊት ባልዲና አካፋ አስቀመጠ።

"እትዬ ገርትሩድ፣ ይህ ሥራ ከሰባኪው ሥራ አያንስም። ሁለታችሁንም የጠራችሁ አንድ ነው። በቀን አንድ ዳቦ አለሽ፤ ቅርፊቱ የሚከማችበት ጎጆም ማደሪያሽ ይሁን።"

ጎጆው ደረቅና ሞቃት ነበር። ገርትሩድ ከባሏ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ዘግታ ተኛች። ኮንራት በዚህ አላበቃም። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ከፊት፣ ከራሱ አጠገብ አስቀመጣት። አጠገባቸው የነበሩት ተነሥተው ሄዱ። ኮንራት ያጫት ልጅ አባት ጠርቶት፣ "ወይ ያቺን እዳሪ ለቃሚ ከኋላ አስቀምጥ፣ ወይ ልጄን እርሳት" አለው። ኮንራት ልጅቷን ይወዳት ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ገርትሩድ ከአጠገቡ ነበረች፤ እጮኛው ግን አልነበረችም።

በአራተኛው ዓመት ገርትሩድን ንዳድ ጣላት። ዐሥራ አንድ ቀን መነሣት አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ኮንራት ዳቦ ይዞ ጎጆው በር ላይ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"እትዬ፣ ይህን ብሰጥሽ መልሼ ለማኝ አደርግሻለሁ። የማይሠራ አይብላ ተብሏል። ክብርሽን ልሰርቅሽ አልችልም።"

"ሰባኪው እንቢ ያለ አይብላ ነው ያሉት ጌታዬ፤ ያቃተው አይብላ አላሉም።"

"ያቃተውንና እንቢ ያለውን በምን እንለየዋለን?" አለና ዳቦውን እንደያዘ እያለቀሰ ተመለሰ።

እዚህ ላይ የሚያቅለሸልሸው ካለ ወጣ ብሎ ይመለስ። ገርትሩድ ሌሊቱ እንደነጋ በእጇ እየዳኸች ወጥታ፣ ከቆዳው ተፍቆ ለሙጫ ሠሪ ከተከመረው የሸተተ ሥጋ እፍኝ አነሣች። በሸክላ ድስት ቀቅላ በላችው። ስምንት ቀን እሱን በላች። ኦስቫልት በግቢው ሲያልፍ አይቷት መንገዱን ቀጠለ። በማግስቱ ግን ከድስቱ አጠገብ አንድ ጭብጥ ጨው ተቀምጦ አገኘች። ያ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ያደረገው ግልጽ ደግነት ይህ ብቻ ይመስለኛል፤ ፈሪ ስለነበር ሌላ አልቻለም።

ገርትሩድ ከሕመሟ ተነሣች፤ ባልዲዋን ያዘች። ብዙም ሳይቆይ ኦስቫልት ታመመና ሞተ። ሲሞት "ግቢው ለማን ይሁን?" ብለው ሲጠይቁት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ "ሽታውን ለቻለ" አለ።

የከተማዋ ቆዳ አልፊዎች ማኅበር አንድ የቆየ ደንብ ነበረው። ግቢ አይከፋፈልም፤ አንድ ግቢ ያለው አንድ ቢላ ነው፣ ቢላውን የተረከበ ግቢውን ይወርሳል። ሟቹ ወራሹን በስም ሳይጠራ ከሞተ፣ በሰባተኛው ቀን ጉድጓዱ ተከፍቶ ቆዳ ሲወጣ፣ በዚያ ግቢ ከሁሉ ረጅም ጊዜ ያገለገለው ሠራተኛ ቢላውን ከልጆቹ ለአንዱ ያስረክባል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያን ሠራተኛ ሲያስቡ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ሃያ ዓመት የፋቀ ጎልማሳ ታይቷቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ኮንራት አዲሱን ትምህርት ተከትሎ የቅዱሳንን በዓላት ሁሉ የሥራ ቀን ስላደረጋቸው የድሮዎቹ ሠራተኞች ተማርረው ሄደዋል፤ የቀን ሠራተኞቹም ከወር በላይ አይቆዩም። አራት ዓመት የቆየ ቢፈለግ የተገኘችው ገርትሩድ ሆነች። የማኅበሩ ሹም ይህን ሲሰማ የሞተ አይጥ የረገጠ ሰው መሰለ።

በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ጉድጓዱን ከበው ቆሙ። ሹሙ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ከሦስቱ ለአንዱ ትሰጪያለሽ። ሴት ቢላ ስለማትይዝ ለራስሽ ማስቀረት አይቻልም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልሰጠሽ ደግሞ ጉድጓዱ በድንጋይ ይሞላል፣ ግቢው ለሸንጎው ይሆናል፤ አንቺም በመጣሽበት መንገድ ትሄጃለሽ።"

ገርትሩድ ጨርቁን ፈታ ጣለችው። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ቢላውን የሚወስደው ሰው ጎጆዋንም ይወስዳል፤ የቀራትን ዕድሜ እንዴት እንደምትኖር የሚወስነው እሱ ነው። ሦስቱ ወንድማማቾችም ይህን ስለሚያውቁ በየተራ ተናገሩ።

ሊንሃርት፣ "ለእኔ ስጪኝ። ይህን የተረገመ ጉድጓድ ደፍኜ የድሆች ቤት እሠራበታለሁ። ታምመሽም ደህና ሆነሽም፣ ሠርተሽም ተኝተሽም፣ እስክትሞቺ ዳቦ አይቋረጥብሽም። ባልዲ ዳግመኛ አትነኪም" አለ።

"ወንድሜ እንደ ከብት ሊቀልብሽ ነው" አለ ፋይት። "ለእኔ ስጪኝ። ማልፋቱ ወደ ሌላ መንደር ይሂድ፤ እዚህ የሚሠራው የወርቅ ቅብ ቆዳ ይሆናል። ያን ጽሑፍ በገዛ እጄ ፍቄ ሙሉ ስምሽን እጽፍበታለሁ። ሦስታችንም ከተረሳን በኋላ ገርትሩድ የምትባል ሴት እንደነበረች ሰው ያውቃል። መኖሪያሽን በተመለከተ፣ አንድ ነገር አይጠፋም።"

ኮንራት የተናገረው በመጨረሻ ነው። "እኔ የተለየ ነገር ቃል አልገባም። ባልዲው አለ፣ ዳቦው አለ፣ ጎጆው አለ፣ ከአጠገቤ ያለው ወንበርም አለ። ጉልበትሽ እስካለ ድረስ ማንም ከማንም አሳንሶ አያይሽም።"

"ጉልበቴ ሲያልቅስ?" አለችው።

ኮንራት መሬት መሬት አየ እንጂ አልዋሸም። "ሕጉ ለእኔም ያው ነው እትዬ" አለ።

ገርትሩድ ወደ ጉድጓዱ ዞረች። ሁለት ሠራተኞች የሚንጠባጠበውን ቆዳ ጎትተው አወጡ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚሞላ ቆዳ ነው። ደንቡ ጠርዙን ቆርጦ ማየት ነውና በቢላው ቆረጠችው። ከላይ ቡናማ፣ ከታች ቡናማ፤ መካከሉ ላይ ግን እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ነበር። የማኅበሩ ሰዎች አጉረመረሙ። የቅርፊቱ ውሃ መካከሉ ድረስ አልገባም፤ ልቡ ጥሬ ነው።

"ስንት ጊዜ ቆየ?" አለች።

"ዓመቱን ሞልቷል" አለ ኮንራት። "የሥራ ቀኖቹን አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ።"

ጉዱ ወጣ። ድሮ ቆዳ በቅዱስ ሚካኤል ቀን ይገባና በዓመቱ በቅዱስ ሚካኤል ማግስት ይወጣ ነበር። ኮንራት ግን በበዓል መቁጠር የድሮ አጉል ልማድ ነው ብሎ፣ አባቱ በዓመት ይሠራባቸው የነበሩትን ቀኖች ቁጥር ይዞ በሥራ ቀን ይቆጥራል። በዓላቱ ተሽረው የሥራ ቀን ሲሆኑ ያ ቁጥር ከዓመቱ ሃምሳ ቀን ያህል ቀድሞ ሞላለት። ዓመት በትጋት የሚያጥር መስሎታል። ቆዳው ግን ሰዎቹ ቅዳሴ ይሂዱ ሥራ ይግቡ የሚያውቀው ነገር የለም። ሊንሃርት ሣቁን ለማፈን ጺሙን ያዘ፤ ፋይት ግልጽ አድርጎ ሣቀ።

"ይህ ጫማ ቢሆን ምን ይሆናል?" ብላ ሹሙን ጠየቀችው።

"በመጀመሪያው ዝናብ ይበሰብሳል።"

ገርትሩድ ቁራጩን አንሥታ ከሣቁት ፊት ቆመች። "ምን ያሥቃችኋል? አባ፣ እርስዎ ድሃ ክቡር ነው ብለው ተምረዋል፤ እዚህ ድረስ ገብቶልዎታል።" በተበላ ጣቷ ከላይ ያለውን ቡናማ ነካች። "ልጄ ፋይት፣ አንተ ሰው ክቡር ነው ብለህ ተምረሃል፤ ላንተም እዚህ ድረስ ነው። ጌታዬ ኮንራት፣ እርስዎም ሥራ ክቡር ነው ብለው ተምረዋል፤ እዚሁ ጋ ቆሟል።" ከዚያ ነጩን መስመር አሳየቻቸው። "ይህን ነው እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት የበላሁት። ሰው ይጸየፈኛል ይላሉ። ስትጠጉኝ ሆዴን እንዴት እንደሚያውከኝ ብታውቁት ኖሮ።"

እውነቷን ነበር። ጸያፍ የተባለችው ሴት ንጹሐን የተባሉትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ተጸየፈቻቸው፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ ግን ሦስቱም በየተራቸው ከሞት እንዳተረፏት አልረሳችም። በልታ ያደረችውን ዳቦ አልረሳችም፤ ስሟን የጠየቃትን ድምፅ አልረሳችም፤ ከኋላዋ የዘጋችውን በርም አልረሳችም። ከባዱ ይህ ነው። ክፉ ብቻ ቢሆኑ ቢላውን ወንዝ ውስጥ ትጥለው ነበር።

ፀሐይ ወደ ኮረብታው ተጠጋች። ጎጆዋ ከሰዎቹ ጀርባ ይታያታል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ገርትሩድ ቢላውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው፤ ሦስቱ ወንድማማቾችም እጃቸውን ዘረጉ። ሊንሃርት በአንድ እጁ የቅጠል ቋጠሮውን አፍንጫው ላይ ይዟል። ፋይት ሽቶ የተቀባ ጓንቱን አፍንጫው ላይ አድርጓል። ኮንራት ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቷል፤ አፉ ግን ተከፍቷል፣ በአፉ ይተነፍሳል።

እኔ ይህን ጨዋታ እዚህ አደርሰውና አቆማለሁ፤ ቢላው አሁንም በእሷ እጅ ነው። አንዱ ቢርባት የሚያበላት፣ ሠርታ እንድትበላ ግን የማይፈቅድላት ነው። አንዱ ስሟን የሚያስጠራላት፣ የምታድርበትን ግን የማያውቅላት ነው። አንዱ ከጎኑ የሚያስቀምጣት፣ የወደቀች ዕለት ግን ዳቦውን ይዞ የሚመለስ ነው። ሟቹም "ሽታውን ለቻለ" ብሏል።

እንግዲህ እናንተ ወንበር ላይ ተደላድላችሁ፣ የለፋ ቆዳ ጫማ አድርጋችሁ የሰማችሁኝ ሁሉ፣ እጃችሁን ከአፍንጫችሁ ላይ አውርዱና ፍረዱ፤ ቢላው ለማን ይገባል?